ስለ እንስሳት ደኅንነት የሚወጣ ሕግ ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል?

ስለ እንስሳት ደኅንነት የሚወጣ ሕግ በተነሣ ቍጥር ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ጉዳዩ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ጉዳይ እንጂ የገበያ ጉዳይ አይደለም የሚለው ነው። ሁለተኛውም፣ እንዲህ ያለው ሕግ በዋጋ ላይ ዋጋ፣ በወረቀት ላይ ወረቀት ከመጨመር በቀር ሌላ ፍሬ የለውም የሚለው ነው። የፊተኛው አስተሳሰብ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ የኋለኛው ግን ከፊሉ እውነት ስለ ሆነ በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል። ለምርመራውም የሚረዳን በአሜሪካ አገር የካሊፎርኒያ ግዛት ስለ ዶሮ፣ ስለ ጥጃና ስለ ዓሣማ አጠባበቅ ያወጣችው ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከአርቢው በረት ተነሥቶ እስከ ባለሱቁ መደርደሪያ ድረስ የሚዘልቅ በመሆኑ ለአስመጪም፣ ለላኪም፣ ለቸርቻሪም የሚነግረው ነገር አለ። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዓሣማ በአገራችን ገበያ እምብዛም የማይነገር ሸቀጥ መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን በዓሣማ ሥጋ የተፈረደው ፍርድ ነገ በበግ ሥጋ፣ በቆዳና በሌጦ ላይ ሊጠቀስ የሚችል ስለ ሆነ፣ አንባቢያችን በስሙ ሳይሰናከል እንዲከታተለን እንለምናለን።

በመጀመሪያ፣ ሕጉ ከማዕከላዊው መንግሥት መውጣት ሲገባው ስለ ምን ከአንድ ግዛት ወጣ? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የዋሽንግተኑ መንግሥት በዚህ ረገድ ያወጣቸው ሕጎች ጥቂቶች ናቸው። የመጀመሪያው የ1873 ሕግ ሲሆን፣ በባቡር የሚጓዝ ከብት ከ28 ሰዓት በላይ ሳያርፍ እንዳይጓዝ፣ ሰዓቱም ሲሞላ ወርዶ ቢያንስ 5 ሰዓት እንዲያርፍ፣ ውኃና መኖ እንዲያገኝ ያዛል። በዚያን ዘመን ከምዕራብ የሣር ሜዳ የተነሣው ከብት ቀንና ሌሊት በፉርጎ ታጭቆ ወደ ቺካጎና ወደ ምሥራቅ ከተሞች ይወሰድ ነበርና፣ ከፊሉ በመንገድ ይሞት፣ የተረፈውም ክብደቱ ጐድሎና ሥጋው ተቀጥቅጦ ይደርስ ነበር። ሁለተኛው የ1958 ሕግ ነው፤ እርሱም ከብት ከመታረዱ በፊት ሕመም እንዳይሰማው እንዲደነዝዝ ያዛል፤ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸመውን እርድ ግን እንደ ሥርዓቱ ይቀበላል። ዶሮን ግን አይጨምርም። በ1966 የወጣው ሦስተኛው ሕግ ደግሞ ለቤተ ሙከራ የሚውሉትን እንስሳት የሚመለከት ሆኖ፣ ለምግብ የሚረቡትን እንስሳት ከነጭራሹ ይተዋቸዋል።

ስለዚህ እንስሳው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እስከሚጫንበት ቀን ድረስ በምን ዓይነት ማደሪያ እንደሚኖር የሚወስን ሕግ በመላው አገሪቱ አልነበረም። ግዛቶቹ የገቡትም በዚህ ክፍት ቦታ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሐሳቡ ራሱ በአሜሪካ ምድር እንግዳ አይደለም። የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳሉ በ1641 ባጸደቁት የሕግ መድበል ውስጥ፣ ሰው ለጥቅሙ በሚያሳድራቸው እንስሳት ላይ ጭካኔ እንዳይፈጽም ከልክለው ነበር። ለነጋዴ ይበልጥ የሚያስደስተው ግን ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ነው። ከብቱን ወደ ሩቅ ገበያ የሚነዳ ሰው መንጋው ሲደክምበት፣ ሲራብበት ወይም ሲታመምበት፣ እህል ባልተዘራበትና ባልታጠረ ሜዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንዲያሳርፍ መብት ይሰጠዋል። ሕጉ ለእንስሳው ሲያዝን ለነጂው ነጋዴም መንገድ ከፈተለት ማለት ነው። ይህን ከ380 ዓመት በላይ የሆነው አንቀጽ ያነሣነው ለታሪክ ጌጥ ብለን ሳይሆን፣ የእንስሳት ሕግ የነጋዴ ጠላት ሆኖ የተወለደ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ በ2002 የፍሎሪዳ ሕዝብ፣ በ2006 ደግሞ የአሪዞና ሕዝብ ድምፅ ሰጥተው እርጉዝ ዓሣማ መዞር በማያስችል ጠባብ የብረት አጥር ውስጥ እንዳትታሰር ወሰኑ። ይህ የብረት አጥር ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንስሳዋ ትቆማለች፣ ትተኛለች፤ ወደ ኋላ ግን ዞር ማለት አትችልም። በዚህም ሁኔታ የእርግዝናዋን ዘመን፣ ማለትም አራት ወር ገደማ ትጨርሳለች። ካሊፎርኒያም በ2008 ተመሳሳይ ሕግ በሕዝብ ድምፅ አወጣች፤ የዕንቍላል ዶሮንና ጥጃንም ጨመረችበት።

የ2008ቱ ሕግ ግን አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረበት። የሚያስገድደው የካሊፎርኒያን አርቢ ብቻ ነበር። አርቢው በአዲሱ ሕግ መሠረት ሰፊ ማደሪያ ለመሥራት ገንዘቡን ሲያወጣ፣ የጎረቤቱ ግዛት አርቢ በጠባብ ጎጆ ያስፈለፈለውን ርካሽ ዕንቍላል ይዞ ገብቶ ገበያውን ይወስድበት ዘንድ ምንም አይከለክለውም ነበር። ሕጉ ታዛዡን ቀጥቶ ያልታዘዘውን የሚሸልም ሆነ ማለት ነው። ይህም ስለ ታወቀ የግዛቱ ምክር ቤት በ2010 ሌላ ሕግ ጨመረ፤ በካሊፎርኒያ የሚሸጥ ዕንቍላል ከየትም ይምጣ ከየት፣ ከ2015 ጀምሮ ያንኑ ደንብ ያሟላ እንዲሆን አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የእርባታ ሕግ መሆኑ ቀርቶ የሽያጭ ሕግ ሆነ። ለኛም ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው።

በኖቬምበር 2018 በተለምዶ «ፕሮፖዚሽን 12» የሚባለው ሕግ ከመቶ 63 ገደማ በሚሆን የሕዝብ ድምፅ ጸደቀ። ማሳቹሴትስ ከሁለት ዓመት በፊት ተመሳሳዩን ከመቶ 77 በሚበልጥ ድምፅ አጽድቃ ነበር። የካሊፎርኒያው ሕግ ካሁን ቀደም በደፈናው «መዞር የምትችልበት ስፍራ» ይባል የነበረውን ትቶ ልኩን በቍጥር አስቀመጠ። ለሥጋ የሚቀለብ ጥጃ 43 ካሬ ፊት፣ ማለትም 4 ካሬ ሜትር ያህል ያገኛል። ለርቢ የምትቀመጥ ዓሣማ 24 ካሬ ፊት፣ ማለትም 2 ነጥብ 2 ካሬ ሜትር ያህል ታገኛለች። የዕንቍላል ዶሮ በ2020 በመጀመሪያ 1 ካሬ ፊት እንድታገኝ፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከነጭራሹ ከሽቦ ጎጆ ወጥታ እንድትረባ ታዘዘ። ከዚያ በፊት በብዙ እርባታዎች ዘንድ ለአንዲት ዶሮ ይሰጥ የነበረው ስፍራ ከአንድ የደብዳቤ ወረቀት ያነሰ ነበር።

ደንቡን ያላሟላ ዕንቍላል ወይም ሥጋ አውቆ የሸጠ ነጋዴ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 180 ቀን እስራት ይደርስበታል። አንባቢያችን እዚህ ላይ ይደነግጥ ይሆናል፤ በሎስ አንጀለስ ያለ ባለሱቅ በአዮዋ ያለችው ዓሣማ በስንት ካሬ ፊት እንደ ኖረች ከየት ያውቃል? ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ይህን አስበውበታል። ነጋዴው ከሻጩ በጽሑፍ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት በቅን ልቡና አምኖ ከገዛ፣ ይኸው ወረቀት በፍርድ ቤት መከላከያ ይሆነዋል። በሕጉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ያገኘነው ይህን አንቀጽ ነው። በተጨማሪም ወደ ግዛቱ የሚያስገቡ አከፋፋዮች እንዲመዘገቡ፣ እርባታውም በመንግሥት ወይም ዕውቅና ባለው መርማሪ እንዲመሰከርለት ተደረገ፤ በደረሰኙና በመጫኛው ሰነድ ላይ ዕቃው ደንቡን ያሟላ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዲጻፍም ታዘዘ። ካሊፎርኒያን አቋርጦ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ጭነት አይነካም። ፒሳና ሾርባን የመሰለ የተቀላቀለ ምግብም ከሕጉ ውጭ ሆኗል፤ ይህ የኋለኛው ነገር ለእንስሳው የማይጠቅም፣ ለፋብሪካው ብቻ የሚመች ቀዳዳ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ሕጉ በአፈጻጸሙ ግን በጣም ተበላሽቶ ነበር። መንግሥት ዝርዝር ደንቡን እስከ ሴፕቴምበር 2019 ማውጣት ሲገባው ሦስት ዓመት ዘገየና በ2022 አወጣው። የዓሣማው ልክ ግን በጃኑዋሪ 2022 ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ ሳይወጣ ቅጣቱ ቀደመ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ለነጋዴው የቆመለት የንግድ ምክር ቤት ነበር። የካሊፎርኒያ የሂስፓኒክ ንግድ ምክር ቤቶች ማኅበር ከባለግሮሰሪዎችና ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ሆኖ በሳክራሜንቶ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ፤ ዳኛውም ዝርዝር ደንቡ ከወጣ በኋላ 180 ቀን እስኪያልፍ ድረስ ስለ ጥሬ የዓሣማ ሥጋ ማንም ነጋዴ እንዳይቀጣ ወሰነ። ጊዜው ኋላ ላይ እስከ ጁላይ 1 ቀን 2023 ተራዘመ፤ ከዚያ ቀን በፊት ተገዝቶ በመጋዘን የነበረውም ሥጋ እስከ 2023 መጨረሻ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ማኅበሩ የተከራከረው ሕጉን ለማፍረስ ሳይሆን ጊዜና ደንብ ለማግኘት ነበር። ያገኘውም ይህንኑ ነው።

ሕጉን ለማፍረስ የተነሡት ሌሎች ነበሩ። የዓሣማ አርቢዎች ብሔራዊ ማኅበርና የገበሬዎች ኅብረት፣ ካሊፎርኒያ የሌሎችን ግዛቶች እርባታ በሩቅ ሆና ልታስተዳድር አይገባም፣ በግዛቶች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቈጣጠር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የተሰጠው ለማዕከላዊው ምክር ቤት ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸው እንዲያው ተራ አልነበረም። ካሊፎርኒያ በአገሪቱ ከሚበላው የዓሣማ ሥጋ 13 ከመቶ ያህሉን ትበላለች፤ የምትበላውንም ሁሉ ማለት ይቻላል ከሌሎች ግዛቶች ታስመጣለች። ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው ድምፅ ባልሰጡት በሌሎቹ ላይ ነው ተባለ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 11 ቀን 2023 በአምስት ድምፅ ለአራት ለካሊፎርኒያ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች ሲሆኑ፣ የፍርዱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ካሊፎርኒያ የራሷን ሰው ጠቅማ የሌላውን አልጐዳችም፤ ለአገሯም አርቢ ለውጭውም አርቢ አንድ ደንብ አወጣች፤ በገበያዋ ላይ ምን ዓይነት ሥጋ ይሸጥ የሚለውን የመወሰን ሥልጣንም የራሷ ሕዝብ ነው። ዳኛ ብሬት ካቫኖ ግን በልዩነት ሐሳባቸው ላይ፣ እያንዳንዱ ግዛት በሌላው ግዛት አሠራር ላይ እንዲህ ሁኔታ ማስቀመጥ ከጀመረ መጨረሻው ምን ይሆናል? ሲሉ ሥጋታቸውን ገልጠዋል። እኛም በዚህ ሥጋት በኩል ከካቫኖ ጋር እንስማማለን። አሥር ግዛት አሥር ዓይነት ልክ ቢያወጣ አከፋፋዩ አሥር መጋዘን ያስፈልገዋል። ይህ ግን የሚያስረዳው ሕጉ አንድ ሆኖ ከመላው አገር ሊወጣ እንደሚገባ ነው እንጂ ሕግ ከነጭራሹ እንዳይኖር አይደለም።

ስለ ዋጋ የሚነሣው ክርክር ደግሞ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ባደረጉት ጥናት፣ ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ባሉት ወራት በካሊፎርኒያ ሕጉ የሚመለከተው የዓሣማ ሥጋ ዋጋ በአማካይ 20 ከመቶ ገደማ ጨምሯል። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማውም ለድኻው ነው። በዕንቍላልም ረገድ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሚሊዮን ዶሮዎችን በፈጀበት ጊዜ ዋጋው ሰማይ ስለ ነካ፣ የኔቫዳ ግዛት በፌብሩዋሪ 2025 የራሷን የዕንቍላል ሕግ ለ120 ቀን አገደች። የማዕከላዊው መንግሥት ራሱ በጁላይ 2025 ካሊፎርኒያን ስለ ዕንቍላል ሕጎቿ ከሰሰ። ስለዚህ ሕጉ ያለ ዋጋ የመጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር አንባቢን ማታለሉ ነው። እኛ የምንለው፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀና ለሁሉም ነጋዴ እኩል የሆነ ጭማሪ ከሆነ ነጋዴው ሊሸከመው ይችላል ነው። ተመካሪ ባልሆነ መልኩ በድንገት የሚመጣውን ግን አይችለውም። የኔቫዳም ነገር የሚያስተምረን፣ በበሽታና በድርቅ ጊዜ ሕጉ ለጊዜው የሚታገድበት አንቀጽ ከመጀመሪያው ሊጻፍበት እንደሚገባ ነው።

ሕግ በሌለበት የሚመጣው ድንገተኛ ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ቀይ ባሕር እንመለስ። በ2003 ኮርሞ ኤክስፕረስ የተባለች መርከብ ከአውስትራሊያ ከ57,000 የሚበልጡ በጎች ጭና ወደ ጅዳ መጣች። የሳዑዲ ዓረቢያ ተቈጣጣሪዎች በበጎቹ ላይ የአፍ ቁስል በሽታ ከተፈቀደው በላይ አገኘን ብለው ጭነቱን መለሱት። የአውስትራሊያ ሰዎች ነገሩን አላመኑም፤ ነገር ግን ባለገበያው እንቢ ካለ ምን ይደረጋል? መርከቧ በኦገስትና በሴፕቴምበር ሙቀት ገዢ ፍለጋ ስትንከራተት ከቆየች በኋላ በጎቹ በኦክቶበር መጨረሻ ምጽዋ ላይ ለኤርትራ በነጻ ተሰጡ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ5,000 የሚበልጡት ሞተው ነበር። ጭነቱ በመንገድ ላይ ቢመለስ ወዴት እንደሚወርድ የሚወስን ስምምነት አስቀድሞ አልተደረገም ነበር። ደንቡ የተጠናከረው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሆኖም መሻሻሉ በቂ አልሆነም። በ2017 በሌላ መርከብ ላይ 2,400 ያህል በጎች በሙቀት ሲሞቱ የተነሣው ፊልም በ2018 በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ሕዝቡም ተቈጣ። በ2024 የአገሪቱ ምክር ቤት ከሜይ 1 ቀን 2028 ጀምሮ በግ በሕይወቱ በባሕር ተጭኖ ወደ ውጭ እንዳይላክ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ልብ እንበል፤ ካሊፎርኒያ ንግዱን በልክ አሰረችው፤ በአውስትራሊያ ግን ልኩ ሳይጠበቅ ስለ ቆየ ንግዱ ራሱ እንዲዘጋ ተፈረደበት። የትኛው ለነጋዴ ይሻላል?

ከአገራችን ምሳሌ ብንፈልግ የአህያው ጉዳይ አለ። በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ያለው አገር የለም። ቻይናውያን ለመድኀኒት የሚያውሉትን ሙጫ ከአህያ ቆዳ ስለሚያወጡ የቆዳው ዋጋ በመላው አፍሪካ ከፍ ባለ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ሣሩን እንጂ ገደሉን ሳያይ ወደዚህ ንግድ ገባ። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2017 ሕዝቡ ስለ ተቃወመው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአህያ ቆዳ ንግድን በመላው አህጉር ለ15 ዓመት አገዱ። እገዳው ተገቢ ነው እንላለን፤ አህያ ውኃ ቀጅው፣ እህል ጫኙ፣ የድኻው ገበሬ መኪና ነውና። ነገር ግን ገንዘባቸውን በሕንፃና በመሣሪያ ላይ ያፈሰሱት ሰዎች ይህን ንግድ የሚገዛ ግልጽ ሕግ ከመጀመሪያው ቢኖር ኖሮ ያን ኪሣራ ባላዩም ነበር።

በጎቻችንን፣ ፍየሎቻችንንና የቀንድ ከብቶቻችንን በተመለከተ ከወጡት ሕጎች መካከል በኢትዮጵያ አቈጣጠር የ1994ቱ የእንስሳት በሽታ መከላከያ አዋጅ ቍጥር 267 እና የ2006ቱ የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቍጥር 819 ይገኙበታል። የፊተኛው ዋና ዓላማ በሽታን መግታት፣ የኋለኛውም ዋና ዓላማ ገበያውን ሥርዓት ማስያዝ ነው። ሁለቱም አስፈላጊዎች ናቸው። እንስሳው ከቦረና ወይም ከሱማሌ ክልል ተነሥቶ ሞጆ ወይም ጂቡቲ እስኪደርስ በመንገድ ላይ እንዴት ሊያዝ እንደሚገባው ልኩን የሚያስቀምጥ፣ በቍጥር የተወሰነ፣ ላኪውም ተቈጣጣሪውም አንድ ዓይነት አድርገው የሚያነቡት ራሱን የቻለ ሕግ ግን ያስፈልገናል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2005 በየብስና በባሕር ስለሚጓጓዙ እንስሳትና ስለ እርድ ደንብ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል ናት። ስለዚህ መነሻው በእጃችን አለ፤ ከባዶ አንጀምርም።

ይህ ነገር ከርኅራኄ አልፎ የገንዘብ ነገር መሆኑን ሥጋ ላኪዎቻችን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። እንስሳ ከመታረዱ በፊት ሲራብ፣ ሲደክምና ሲደናገጥ በጡንቻው ውስጥ የተከማቸው ስኳር መሰል ኀይል ያልቃል። ይህ ኀይል ከእርድ በኋላ ወደ አሲድ ተለውጦ ሥጋውን ደማቅ የሚያደርገውና ከመበላሸት የሚያቆየው ነው። ኀይሉ በመንገድ ካለቀ አሲዱ ያንሳል፤ ሥጋውም ይጠቍራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ዱባይ የደረሰ የጠቈረ ሥጋ ዋጋው ይወድቃል ወይም ከነጭራሹ ይመለሳል። በቆዳም ረገድ እንዲሁ ነው። በዱላ የተመታ፣ በጭነት መኪናው ሚስማርና ሽቦ የተጫረ፣ በጋለ ብረት የተተኰሰ ቆዳ ፋብሪካ ሲደርስ ከአንደኛ ደረጃ ወደ ዝቅተኛ ይወርዳል። ጠባሳው በሕይወት ሳለ የማይታይ ሆኖ ከተለፋ በኋላ ነው የሚገለጠው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛው ነጂ የት አለ?

እዚህ ላይ አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊያደርግ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። በአንድ መኪና ሠላሳ በግ በመጫን ፈንታ ሃያ የሚጭን፣ በመንገድ ቆሞ ውኃ የሚያጠጣ ሐቀኛ ላኪ፣ ስልሳ አጭቆ ከሚነዳው ጋር በአንድ ገበያ ሲወዳደር በትራንስፖርት ሒሳብ ይሸነፋል። የካሊፎርኒያ ዕንቍላል አርቢ በ2008 እና በ2010 መካከል የገጠመው ይኸው ነበር። ሐቀኛውን ሊያድነው የሚችል ሁሉንም እኩል የሚያስገድድ ሕግ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምክር ቤታችን ስለዚህ ጉዳይ ለመንግሥት ሐሳብ ቢያቀርብ የሚከተለውን ቢያመለክት መልካም ነው እንላለን። ሕጉ የፌዴራል ሆኖ ለሁሉም ክልል አንድ ይሁን፤ የየክልሉ ኬላ የየራሱን ልክ እንዳያወጣ ይከልክል። እንስሳ ያለ ውኃና ያለ ዕረፍት የሚጓዝበት የሰዓት ብዛት፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሚጫነውም ብዛት እንደ እንስሳው ዓይነትና እንደ ወራቱ ሙቀት ይወሰን። በገበያዎችና በማቈያ ስፍራዎች የመጫኛና የማውረጃ መወጣጫ፣ ጥላና የውኃ ገንዳ እንዲኖር መንግሥት ራሱ ይገደድ፤ ገንዳ በሌለበት ስፍራ ነጋዴውን ስለ ውኃ መቅጣት ግፍ ነውና። ዝርዝር ደንቡ ሳይወጣ ቅጣት አይጀመር። ለመኪና ባለቤቶችም የጭነት ሣጥናቸውን አስተካክለው የሚሠሩበት ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሰጥ።

የምስክር ወረቀቱ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ላኪው ከሰብሳቢው፣ ሰብሳቢው ከነጂው በጽሑፍ የሚቀበለው፣ የተነሣበትን ስፍራና ሰዓት፣ ያረፈበትን ስፍራ፣ የተጫነውን ቍጥርና በሕይወት የደረሰውን ቍጥር የሚገልጽ አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ፤ ይህንንም ቅጽ በቅን ልቡና ተቀብሎ የያዘ ላኪ በሌላው ጥፋት እንዳይጠየቅ በሕጉ ይጻፍ። ቅጹ ከእንስሳት ሐኪሙ የጤና ማረጋገጫ ጋር ተያይዞ ጂቡቲ ወደብ ድረስ ይሂድ፤ አንድ ቅጂ በላኪው ቢሮ፣ አንድ ቅጂ በማቈያው ስፍራ ይቅር። ገዢው አገር ጭነቱን ቢመልስ እንስሳቱ ወዴት እንደሚወርዱ፣ የመኖና የውኃ ወጪውንም ማን እንደሚከፍል በሽያጩ ውል ላይ አስቀድሞ እንዲጻፍ ይደረግ።